አስራ አንድ ነጥብ

በሪል ታክሬይ ማጉያ መነጽሯን ለአራተኛ ጊዜ ከፎቶግራፉ ላይ አነሳችና «አስራ አንድ» አለች።

«አስራ ስድስት ነው» አለ ከጀርባዋ የቆመው ክላይቭ ኦርመንድሮይድ።

«አስራ አንድ ነው ክላይቭ። የቀሩትን አምስቱን ከየት እንዳመጣሃቸው አሳየኝ።»

ክላይቭ ጎንበስ ብሎ በመርፌው ጫፍ ጠቆመ። «እዚህ ጋ መስመሩ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል። እዚህ ጋ ያልቃል። እዚህ ጋ ተከፍሎ ተመልሶ ይገጥማል፤ ሐይቅ ናት።»

«አቧራ ናት።»

«ሐይቅ ትመስላለች።»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ኔቪል ሰግደን እጁን አወጣ። «ትመስላለች አለ! ሰምቻለሁ! ሻዩን ያፍላ!»

የክፍሉ ሕግ ነው። በካልደርሾ ፖሊስ የአሻራ ክፍል ውስጥ «ይመስላል» ያለ ሰው ሻይ ያፈላል፣ አለቃም ቢሆን። ክላይቭ አለቃ ነበር። እየሳቀ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ። በሪል አልሳቀችም። ተመልሳ ጎነበሰች።

ፊቷ ሁለት ፎቶግራፎች ተዘርግተዋል፤ ሁለቱም አምስት እጥፍ የጎሉ ናቸው። በግራ ያለው ከሰዓት ሠሪው ከሚስተር ክራብትሪ ሱቅ፣ ከመስታወት ሣጥን ክዳን ላይ በዱቄት የተነሳ ግማሽ የቀኝ አውራ ጣት ነው። በቀኝ ያለው ጋሪ ፊውስተር የሚባል በፖሊስ የታወቀ ቤት ሰባሪ ከሦስት ዓመት በፊት በቀለም የሰጠው ነው። ሚስተር ክራብትሪ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። በገዛ ወንበራቸው እግር ተደብድበው የግራ ዓይናቸው ጠፋ። ጊዜው ኖቬምበር 1994 ነው። የደበደባቸው ሰው እንዲያዝ የማይፈልግ በከተማው አልነበረም፤ በሪልም ትፈልግ ነበር። ሱቁን ታውቀዋለች። የሟች ባሏን ሰዓት እዚያ አሠርታለች።

እዚህ ክፍል የገባችው በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ካርድ ልትደረድር ነው። እናቷ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ከሽመናው የወጣውን ጨርቅ በብርሃን ፊት ዘርግታ የተበጠሰ ክር፣ የተዘለለ ክር፣ የተቋጠረ ክር በዓይኗና በጣቷ ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ትጠግናለች። ልጅቷ ያንን ዓይን ወረሰች። ካርድ ስትደረድር ያለቦታቸው የገቡትን እየመዘዘች ማውጣት ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት የያኔው አለቃ ወንዶቹን ሰብስቦ «ይህቺ ልጅ ቆማ የምታየውን እናንተ ተቀምጣችሁ አታዩም» አለና ጠረጴዛ ሰጣት። አምስት ዓመት ሠልጥና ፍርድ ቤት ቀረበች። ከእሷ በፊት በካልደርሾ ስለ አሻራ የመሰከረች ሴት አልነበረችም።

«እኔ እስከማውቀው» አላት የተከሳሹ ጠበቃ፣ «ሴቶች የጣት መስመር የሚያነቡት በገበያ ቀን ድንኳን ተክለው ነው።»

«እነሱ የሚነግሩዎት የሚመጣውን ነው» አለችው። «እኔ የምነግርዎት የሆነውን ነው።»

ዳኛው ሳል የመሰለ ድምፅ አወጡ። ተከሳሹ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ከሁሉም በላይ ስለ ቃላት ጥብቅ ነበረች። ሠልጣኞች ሲመጡ እያንዳንዱ አስተማሪ የራሱን ቃል እየሰጠ ግራ ሲያጋባቸው አይታ፣ አንድ ክረምት ሙሉ እቤቷ እየተየበች አርባ ገጽ የቃላት ደብተር አዘጋጀች። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ምልክት ሰው ሳያውቀው ጥሎት የሚሄደው ነው። አሻራ እያወቀ የሚሰጠው ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ወደ ካርድ መደርደሪያው ይመለስ።» ቀጥሎ ሦስቱ ቅርጾች አሉ፤ ቅስት፣ ጥምዝ፣ ሽክርክሪት። ከዚያ ነጥቦቹ ይመጣሉ። መስመር የሚያልቅበት፣ የሚከፈልበት፣ ተከፍሎ የሚገጥምበት፣ ብቻውን እንደ ደሴት የሚቀርበት እያንዳንዱ ቦታ ነጥብ ነው። በምልክቱና በአሻራው ላይ አስራ ስድስት ነጥብ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መገኘት አለበት፤ ሦስት ባለሙያም ለየብቻ አይቶ መፈረም አለበት። ያ ሲሟላ ብቻ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ምክንያቱ የማይታወቅ አንድ ልዩነት ከተገኘ ግን አስራ ስድስቱም ይሻራሉ።

ከምርመራ በኋላ የሚነገረው ቃል ሦስት ብቻ ነው፦ «እሱ ነው»፣ «እሱ አይደለም»፣ «አይበቃም»። ሠልጣኞች ሦስተኛውን ይፈሩታል፤ ያልቻሉ ያስመስላቸዋል። በሪል በደብተሩ ላይ ከሥሩ አስምራበታለች፦ «አይበቃም ማለት አላውቅም ማለት ነው። አላውቅም መልስ ነው።»

ክላይቭ ሦስት ኩባያ ሻይና ሚስቱ ጄን የጋገረችውን የዝንጅብል ኬክ ይዞ ተመለሰ። የበሪልን ኩባያ ከፎቶግራፉ አርቆ አስቀመጠ።

«እሺ፣ ምኑ ነው የከበደሽ?»

«ይህ ነው።» በሪል በመርፌው አሳየችው። «ምልክቱ ላይ ይህ መስመር ወደ ጥፍሩ በኩል ይከፈላል። የፊውስተር አሻራ ላይ ሳይከፈል ቀጥ ብሎ ያልፋል። አምስቱን ነጥብ ልስጥህ እንኳ ብል ይህን ምን ላድርገው?»

«ጣቱ ተንሸራቷል። መስታወት ነው፣ ሰውየውም እየተጣደፈ ነው።»

«ከተንሸራተተ አጠገቡ ያሉትም መስመሮች አብረው ይንሻፈፋሉ። አልተንሻፈፉም።»

«በሪልዬ፣ ፊውስተር እኮ ነው። የዚያን ቀን ከሱቁ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ታይቷል።»

«እሱን ለኔ አትንገረኝ። እኔ ሰው አላይም፣ መስመር ነው የማየው።»

«እና?»

«አይበቃም።»

ክላይቭ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ጥሩ፤ አይበቃም ካልሽ አይበቃም። በወረቀት ጻፊልኝና ከፋይሉ ጋር አያይዘዋለሁ።»

ጻፈች፦ «አስራ አንድ ነጥብ፤ አንድ የማይገለጽ ልዩነት፤ አይበቃም። ቢ. ታክሬይ።» ሰጠችው። ከክሊፕ ጋር ሲያያይዘው አየች። ኬኩን በላች።

ክላይቭን የማታምንበት ምክንያት አልነበራትም። ሥራ የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው። ባሏ ሮናልድ የሞተ ጊዜ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የልጇ የሔዘር የክርስትና አባት ነው። እሑድ እሑድ ምሳ የምትበላው እነሱ ቤት ነው፤ ጄን ሳትጠይቃት ስጋውን ከጠርዝ በኩል ትቆርጥላታለች፣ እንደዚያ እንደምትወድ ስለምታውቅ።

ያ ክፍል አንድ ሌላ ልማድ ነበረው፤ በማንም ደብተር ላይ አልተጻፈም። የምስክርነት ቃል የሚተየበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዕለት በፈቃድ ላይ ያለ ወይም ሌላ ከተማ ፍርድ ቤት የቀረበ ባለሙያ ፊርማ ከጎደለ ፋይሉ ሳምንት ይዘገያል፤ ዋና መርማሪዎቹም ስልክ ይደውላሉ። ስለዚህ ፈቃድ የሚወጣ ሁሉ ሁለት ሦስት ባዶ የምስክርነት ቅጽ ከታች ፈርሞ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ይተዋል። አይቶ የጨረሰውን ሥራ ጸሐፊዋ ከላይ ትተይብበታለች። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ሥራ ሲጠራጠሩ የሚውሉ፣ ነጥብ ለመቀበል ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰዎች፣ ስማቸውን በባዶ ወረቀት ላይ ጽፈው የዓሣ ምሳቸውን ሊበሉ ይወጣሉ። ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም።

በሪል ዲሴምበር መግቢያ ላይ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጣች። ሔዘር ባሕሩ ዳር ዊትቢ ላይ ልትወልድ ነበር። ከመሄዷ በፊት ሦስት ቅጽ ፈርማ ክላይቭ እጅ ላይ አኖረች።

«ሴት ከሆነች ስሟን ጄን አሏት» አላት ክላይቭ።

«ወንድ ከሆነስ?»

«ያው ጄን ነው፤ ልጁ ይቻለው።»

ሴት ሆነች። ስሟን ግን ጄን አላሏትም።

*

በሜይ አንድ ዓርብ ከሰዓት በሪል ፀጉር ቤት ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ በመጠቅለያ ተጠቅልሎ፣ ራሷ ማድረቂያው ውስጥ ገብቷል። ፀጉር ሠሪዋ ዶት የማታውን ጋዜጣ እያገላበጠች ነበር።

«አንቺ!» አለች ዶት ጮክ ብላ። «ሚሲስ ታክሬይ! ጋዜጣ ላይ ወጥተሻል!»

«ምን?»

«ጋዜጣ ላይ! ያን አውሬ አስገባሽልን! አበጀሽ እናቴ፣ የዛሬው በኔ ነው!»

በሪል ማድረቂያውን ወደ ላይ ገፋች። «ስጪኝ እስቲ።»

አጭር ዜና ነው። ጋሪ ፊውስተር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሚስተር ክራብትሪን ደብድቦ በመዝረፍ ጥፋተኛ ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። በአሻራው ላይ የተከሳሽ ጠበቃ ክርክር አላነሳም። ሦስት ባለሙያዎች ለየብቻ መርምረው አስራ ስድስት ነጥብ አግኝተዋል፦ ሚስተር ኦርመንድሮይድ ቀርበው መስክረዋል፤ የሚስተር ሰግደንና «የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ ያላቸው የሚሲስ ታክሬይ» ቃል በንባብ ተሰምቷል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ምነው ክፉ ነገር አለው?» አለች ዶት።

«ፍቺልኝ።»

«ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል እኮ፣ እንዲህ ሆነሽ ብትወጪ በግ ነው የምትመስይው።»

«ፍቺልኝ አልኩሽ።»

ፀጉሯ እንደረጠበ ወደ ቢሮ ሄደች። ክላይቭ ከፍርድ ቤት በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዷል። ኔቪል ብቻውን ካፖርቱን እየለበሰ ነበር።

«የክራብትሪን ምልክት ፈርመሃል?» አለችው።

«ደህና ዋልሽ በሪል፣ እኔም ደህና ነኝ። አዎ ፈርሜያለሁ።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ኔቪል። መስመሮቹን አይተሃቸዋል?»

ኔቪል ካፖርቱን መቆለፍ ተወ። የመጀመሪያው መርማሪ ያገኘውን እያንዳንዱን ነጥብ በመርፌ ይወጋል፤ ፎቶግራፉ ሲገለበጥ ቀዳዳዎቹ በጀርባው ጎርበጥ ጎርበጥ ብለው ይዳሰሳሉ። ሰነፍ ሰው ገልብጦ በአውራ ጣቱ ይቆጥራል። በሪል ይህን ያደረገ ሠልጣኝ ባየች ቁጥር ወረቀቱን ከእጁ ትነጥቅ ነበር።

«ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ» አለ ኔቪል። «አስራ ስድስት ነበሩ።»

«የወጋቸው እኮ ክላይቭ ነው!»

«አውቃለሁ የወጋው ክላይቭ መሆኑን። በዚያ ላይ ያንቺ ፊርማ ነበረበት። አንቺ የፈረምሽበትን ነገር እኔ ምን ብዬ እመረምራለሁ? በሪል ታክሬይ አስራ ስድስት ካለች አስራ ስድስት ነው። እሱን እኮ ይህ ሕንፃ በሙሉ ያውቃል።»

ፋይሉን ከመደርደሪያ አወጣች። ቅጹ በንጹሕ ተተይቧል፦ «ምልክቱን በራሴ መርምሬ አስራ ስድስት ነጥብ አግኝቻለሁ፤ የጋሪ ፊውስተር ቀኝ አውራ ጣት ስለመሆኑ ጥርጥር የለኝም።» ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ ነው፤ እውነተኛ ነው። ቀኑ ዲሴምበር ስምንት ነው። ዲሴምበር ስምንት ዊትቢ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «አይበቃም» ያለችበት ወረቀት የለም። የክሊፑ ዝገት በፋይሉ ሽፋን ላይ አለ፣ ወረቀቱ ግን የለም።

*

እሑድ ጠዋት ክላይቭን ያገኘችው ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው የአትክልት መደቡ ላይ ነው። የባሮ ሽንኩርት ችግኝ እየተከለ ነበር፤ በየዓመቱ ለከተማው ውድድር ያቀርባል።

«ለምሳ ቀደምሽ» አላት ቀና ሳይል።

«ስሜን ሰረቅከኝ።»

ቀና አለ። ይክዳል ብላ አስባ መጥታ ነበር። አልካደም።

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«ዋና መርማሪው በየቀኑ ይደውል ነበር። የአውራጃው ክፍሎች ሊዋሐዱ ነው፣ ታውቂያለሽ፤ አንድ ሰው ነው ከላይ የሚቀመጠው። በዚህ ጉዳይ ‹አላውቅም› ብዬ ብሄድ ኖሮ ካልደርሾን ዘግተው ሁላችንንም በትነውን ነበር። አንቺንም ጭምር።»

«ስለ ሥራ አይደለም የጠየቅኩህ።»

«እና እሱ ነው በሪል። ፊውስተር ነው። እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ሆድሽ ያውቀዋል። ስምሽን ለክፉ ነገር አላዋልኩትም።»

«ሆዴ ምንም አያውቅም። አይበቃም አልኩህ። በጽሑፍ ሰጠሁህ። ጻፊልኝ ያልከኝ አንተ ነህ!»

«ያኔ ካልጻፍሽ አትለቂኝም ነበር።»

በሪል እዚህ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ በተገለበጠ ባልዲ ላይ። ከዚያ በኋላ ለማንም ስታወራ ፊርማውን ሳይሆን ይህን ነበር የምታነሳው። ትከሻዋን መታ መታ ሲያደርግ፣ ኬኩን ሲያቀርብላት፣ ክሊፑን ሲያያይዝ፣ ያኔውኑ ወስኖ ነበር።

«ሰኞ ጠዋት ሄደህ ትናገራለህ» አለችው።

«አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?» ክላይቭ አፈሩን ከእጁ አራገፈ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «‹ባዶ ቅጽ ፈርሜ ሰጠሁት› ትያለሽ? እሱ እኮ ወንጀል ነው እህቴ። ሃያ ስድስት ዓመት የመሰከርሽባቸውን ሰዎች ቁጠሪያቸው። እያንዳንዱ ጠበቃ ‹ይህስ በባዶ የተፈረመ ነው ወይ?› ብሎ ይመጣል። ነፍሰ ገዳዮች ይወጣሉ፤ ጡረታሽም ይሄዳል፤ ኔቪልም አብሮ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት። ለማን ሲባል? ለጋሪ ፊውስተር?»

ባቡር አለፈ። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ጄን ድንቹን ጥዳዋለች» አለ ክላይቭ። «ነይ ምሳ እንብላ፤ ነገ እናወራለን።»

በሪል በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ለአስራ አንድ ቀን ሥራ ገባች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፣ ለማንም ምንም አልተናገረች። አዲስ ምልክት ሲሰጣት ማጉያውን አስቀምጣ ታያለች፤ መስመሮቹ ይታዩአታል፣ ቁጥር ግን አልጻፍ ይላታል። በአስራ ሁለተኛው ቀን የሥራ ማስታወሻ ደብተሯን በቦርሳዋ ከትታ አውቶቡስ ተሳፈረች። በደብተሩ ውስጥ የኖቬምበሩ ገጽ አለ፤ የምልክቱ ፎቶግራፍ ተለጥፎበት፣ በገዛ እጇ የወጋቻቸው አስራ አንድ ቀዳዳዎች፣ ከጎናቸውም ልዩነቱ በቀይ ተከቦ።

የፊውስተር ጠበቃ በርኬት የሚባል፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል የሚሠራ ወጣት ነበር። አሻራውን ሳይከራከርበት ያለፈውም እሱ ነው። ማንነቷን ስትነግረው ተነስቶ ቆመ።

«ሚሲስ ታክሬይ፣ አስራ ስድስት ነጥብ ሲመጣ እኮ ማንም አይከራከርም። እንዲያውም ለደንበኛዬ ያልኩት ‹ጥፋትህን እመን› ነበር።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ሱቁ ውስጥ ገብቼ አላውቅም› አለ። አላመንኩትም።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችለት። ሁሉንም ነገረችው፤ ባዶ ቅጾቹን ጨምሮ። በርኬት እየጻፈ ነበር፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህን ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል። በራስዎ ላይ ነው የሚመሰክሩት።»

«አንተ የማን ጠበቃ ነህ?»

«የፊውስተር።»

«እንግዲያው ጻፍ።»

ከመፈረሟ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አነበበች። ባዶ የቀሩትን መስመሮች በሙሉ በብዕር ሰረዘቻቸው።

*

ይግባኙ በሚቀጥለው ጃኑዋሪ ተሰማ። በእነዚያ ስምንት ወራት ክላይቭ ለአንዴም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ከሥራ ታግዳ እቤት በዋለችበት ጊዜ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አላት። ኔቪል ግን ሱቅ ውስጥ ሲያያት ቅርጫቱን ጥሎ ወጣ። ጄን ለሔዘር ደውላ «እናትሽን ምን ነካት? ሐኪም አይቷታል?» ብላ ጠየቀች። ሔዘር ይህን ለእናቷ ስትነግራት በሪል ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ወዲያው አወቀች። ክላይቭ ለፍርድ ቤት የሚናገረውን እቤቱ አሰምቶታል ማለት ነው።

ፍርድ ቤት ቀርቦ ያለውም ያንኑ ነው። ሚሲስ ታክሬይ ምልክቱን መርምራ ተስማምታ ፈርማለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን የመርሳትና የመጠራጠር ነገር ይታይባታል፤ እንደ ወዳጅ ሸፍኜላት ኖሬአለሁ፤ አሁን በመገደዴ አዝናለሁ፤ አለ። ሲናገር ወደ እሷ እያየ ነበር። ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ከክላይቭ የተሰጠውን የበሪልን የቃላት ደብተር አነሳ።

«ሚሲስ ታክሬይ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ‹መንሸራተት› የሚለውን ያንብቡልኝ።»

አነበበች። «‹ጣት በለስላሳ ነገር ላይ ሲንሸራተት መስመር የተከፈለ ሊያስመስል ይችላል።›»

«ስለዚህ ያ ልዩነት በእርስዎ በራስዎ ቃል ምክንያት አለው።»

«ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አላነበብኩም።»

«አልጠየቅኩዎትም።»

«ያንብቡት» አሉ የመሀል ዳኛው።

«‹መንሸራተት መሆኑ የሚታወቀው አጎራባች መስመሮችም አብረው ሲንሻፈፉ ነው፤ ካልተንሻፈፉ ልዩነት ነው።›»

ዳኛው ሁለቱን ፎቶግራፎች አስመጥተው በማጉያ ረጅም ጊዜ አዩ። «እኔ ባለሙያ አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ፣ «መስመሮቹ ግን ቀጥ ያሉ ይመስሉኛል።»

በርኬት የዊትቢ ሆስፒታል የጎብኚዎች መዝገብ ግልባጭ አቀረበ፤ በዲሴምበር ስምንት ከጠዋት እስከ ማታ የበሪል ስም አለበት። ያ ቅጽ በዚያ ቀን በእሷ እጅ እንዳልተፈረመ ግልጽ ሆነ። ዐቃቤ ሕጉ እንግዲያው ባዶ መፈረሟን በራሷ አፍ ታምናለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አምናለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ። ፈቃድ በወጣሁ ቁጥር።»

«ስለዚህ የእርስዎ ፊርማ ምን ያህል ይታመናል?»

በሪል ክላይቭ ከኋላ ወንበር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች።

«አላውቅም» አለች።

ፍርዱ ማርች 1996 ላይ ተሻረ፤ ጋሪ ፊውስተር በዚያው ቀን ከእስር ወጣ። በበሪል ፊርማ የሄዱ ሁለት መቶ ስድስት ፋይሎች እንደገና ተመረመሩ፤ በአራቱ ላይ ነጥቡ ጎደለ። ለአራቱም የመጀመሪያው መርማሪ ክላይቭ ነበር። እሱ በጤና ምክንያት ሥራ በመልቀቅ ሙሉ ጡረታውን ወሰደ፤ ክስ አልተመሠረተበትም። በሪል ባዶ ቅጽ በመፈረሟ ተባረረች፤ ስሟም ከባለሙያዎች መዝገብ ተሰረዘ። ሚስተር ክራብትሪን የደበደበው ሰው አልተገኘም።